ዘር ያለው የኮርቻ ፈረስ ስንት ያወጣል? ለሰሜን ሸዋ ገዢ የተዘጋጀ የዋጋ መመዘኛ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ፈረስ የያዘ ሰው ዋጋ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚያነሣው የፈረሱን ዘር ነው፤ «አባቱ የታወቀ ነው፣ እናቱ የሰላሌ ናት፣ ለጥምቀት ጉግስ የወጣ ነው» ይልና ከዚያ በኋላ የሚጠራው ብር ከተራ ፈረስ ዋጋ እጥፍ ቢጠጋ ገዢው አይገረምም። ይህ መመሪያ የዘርን ዋጋ የሚያጣጥል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዘር የሚከፈልበት በጥርስ፣ በጀርባ፣ በኮቴና በኮርቻ ላይ ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ሻጩ ከጠራው ብር ቁልቁል ከመቀነስ ይልቅ ከጤነኛ ተራ ፈረስ ዋጋ ተነሥቶ ሽቅብ መደመር ይሻላል፤ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ነው።

1. መነሻ ዋጋውን ፈረሱን ከማየትዎ በፊት ይወቁ

ቢያንስ ሁለት የገበያ ቀን ብር ሳይዙ ይውጡ። ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ የሚጠቅምዎ ስምምነት የተዘጋበት ዋጋ ነው፤ ይህንንም ከደላላው ይልቅ ፈረሱን ገዝቶ ሲሄድ ካገኙት ሰው ወይም ቀረጥ ከሚቆርጠው ሰው መስማት ይሻላል። የጭነት፣ የጋሪና የኮርቻ ፈረሶች ዋጋ የተለያየ ስለሆነ አያቀላቅሏቸው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆነ፣ የማያነክሱና መካከለኛ ሥጋ ያላቸው አምስት ያህል የኮርቻ ፈረሶች የተሸጡበትን ብር ይመዝግቡና ከሁሉ ውዱንና ከሁሉ ርካሹን ትተው የቀሩትን መካከለኛ ይያዙ። መነሻ ዋጋዎ ይኸው ነው።

ወቅቱንም ልብ ይበሉ። ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ የደጋው ገብስ ተወቅቶ ጭድ ሞልቷል፣ ጥር 11 የሚጋልብም ብዙ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሻጭ አይቸኩልም። በልግ በቀረበት ዓመት ሚያዝያና ግንቦት ሣርና ጭድ ሲያልቅ ግን ቀለብ ያጠረው ባለቤት ፈረሱን ከሚያከሳው ይልቅ መሸጥን ይመርጣል። በጥር የጻፉትን መነሻ ዋጋ ይዘው በግንቦት ቢገዙ፣ ወይም በተገላቢጦሹ ቢያደርጉ፣ ስሌትዎ ከሥሩ ይበላሻል።

2. ፈረሱ የሚኖርበትን ቦታ ያስቡ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን ተሻግረው ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነዎት። የመንዝ ወይም የሰላሌ ፈረስ ገዝቶ ቆላ ላይ ማኖር የሚፈልግ ሰው፣ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በተለይ ከዝናቡ በኋላ ባሉት ወራት የሚያደርሰውን ጉዳት ከዋጋው ጋር አብሮ ማሰብ አለበት። የዚህ በሽታ ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ፈረሱ መከተቡንና መቼ እንደተከተበ ይጠይቁ። ያልተከተበ ከሆነ የክትባቱ ወጪ የእርስዎ ነው።

3. ጥርሱን እርስዎ ራስዎ ይመልከቱ

«ስምንት ዓመቱ ነው» የሚለው ቃል በዚህ አገር የሁሉም ፈረስ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው የፊት ጥርሶቹን ያንብቡ። ቋሚ ጥርስ የሚወጣው መካከለኞቹ ሁለት በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዮቹ በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ሲሆን ፈረሱ አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መታየት ያለበት በታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ገጽ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ይህ ጉድጓድ በመካከለኞቹ ላይ በስድስት ዓመት፣ በቀጣዮቹ ላይ በሰባት፣ በዳሮቹ ላይ በስምንት ዓመት አካባቢ እየደፈነ ይሄዳል። ከአሥር ዓመት ጀምሮ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድድ ሥር አንድ ጠቆር ያለ መስመር ብቅ ይላል፤ በአሥራ አምስት ዓመት የጥርሱን ግማሽ፣ በሃያ ዓመት ሙሉውን ይደርሳል። ጠጠርማ መሬት ላይ የሚግጥ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚሸረፍ በዚህ ንባብ ላይ አንድ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ማለት ተገቢ ነው።

ለዋጋው የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ያለው ፈረስ ሙሉ መነሻ ዋጋውን ያወጣል። ከአምስት በታች ያለው ገና ስላልጠነከረና ስላልሠለጠነ፣ ከአሥራ ሁለት በላይ ያለው ደግሞ የቀረው የአገልግሎት ዘመን አጭር ስለሆነ ዋጋው መቀነስ አለበት። እግረ መንገድዎን ፋንድያውን ይዩ፦ በውስጡ ያልተፈጨ ገብስና ረጃጅም ጭድ ካለ የመንጋጋ ጥርሱ በትክክል አያኝክም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ፈረስ የሚቀርብለትን ቀለብ ያህል አይጠግብም።

4. ኮርቻውን አስወርደው ጀርባውን፣ እግሩንና ኮቴውን ይፈትሹ

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ የሚረዝመው ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ በዚህ ተሞኝቼ ነበር። አምባላይ ፈረስ ነበር፤ ግላሱ ያማረ፣ ጋማው የተጎነጎነ፣ ግንባሩን ቀና አድርጎ የሚሄድ። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆኜ ዋጋውን ከፍዬ ወሰድኩት፤ ቤት ደርሼ ኮርቻውን ሳወርድ ከጫንቃው በታች መዳፍ የሚያህል ያመረቀዘ ገጣባ ተገለጠ፣ ለአራት ወር ያህልም ኮርቻ ሳልጭንበት ቀለብኩት። ያን ቀን ሻጩን «ጋሼ፣ እስቲ ኮርቻውን ያውርዱልኝ» ለማለት አፍሬ ነበር። አይፈሩ፤ የሚሸጠው ፈረሱ ነው፣ ግላሱ አይደለም።

ጀርባውን ሲፈትሹ ከጋማው መጨረሻ ጀምረው በአከርካሪው ግራና ቀኝ በጣትዎ ቀስ ብለው እየተጫኑ እስከ ዳሌው ይሂዱ። ጀርባውን ወደ ታች የሚያጎብጥ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚጥፍ ወይም ለመንከስ የሚዞር ከሆነ ሕመም አለበት። በኮርቻው ቦታ ላይ የበቀለ ነጭ ጠጉር የቆየ ቁስል ምልክት ነው፤ ቆዳው ለስላሳ ከሆነና ሲነኩት የማይሰማው ከሆነ የሚቀነሰው ጥቂት ብር ነው፤ ቆዳው የደነደነና ከሥሩ ያበጠ ከሆነ ግን ኮርቻ በተጫነ ቁጥር ስለሚከፈት ለኮርቻ አይሆንም።

እግሩን ከጉልበት በታች በመዳፍዎ ጨብጠው ወደ ታች ይሳቡ፤ ሁለቱን የፊት እግሮች፣ ቀጥሎም ሁለቱን የኋላ እግሮች እርስ በርስ ያነጻጽሩ። ትኩሳት፣ እብጠት ወይም በአንዱ ብቻ ያለ ጉብታ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። በቋንጃው ላይ አጥንት የሚመስል ጠጣር እብጠት ያለው ፈረስ ዳገት ሲወጣ ይፈተናል፤ የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በእግር ወይም በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የተሰለፉ፣ አንዳንዶቹም መግል የሚያወጡ እብጠቶች ካዩ፣ ባለጋሪዎች ቢቼ የሚሉት ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈረሱን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አይግዙት፤ የያዙበትንም ገመድ ሌላ ፈረስ ላይ አይጠቀሙበት።

ኮቴውን አንሥተው ቆሻሻውን ይጥረጉ። በኮቴው ሥር ያለው ባለሦስት ማዕዘን ለስላሳ ሥጋ ከሸተተና ጥቁር ፈሳሽ ካለው ማደሪያው እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ ይህ በእንክብካቤ ይድናል። ከሥር ወደ ላይ የወጣ አጭር ስንጥቅም በወራት አድጎ ይወጣል። ከላይ ከጠጉሩ ድንበር ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ግን የኮቴው መብቀያ መጎዳቱን የሚያሳይ ስለሆነ ከባድ ጉድለት ነው። በኮቴው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የሚሄዱና ተረከዙ ጋ የሚሰፉ ቀለበቶች ካሉ ፈረሱ አንድ ጊዜ ኮቴው ከውስጥ በብግነት ተቃጥሎ ነበር ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ከመጠን በላይ እህል የበላ ፈረስ ይህ ይደርስበታል።

በጠዋት መሄድ ያለብዎትም ለዚህ ነው። ያለፈ ሕመም ያለበት እግር ከተሞቀ በኋላ ይፍታታል፤ ልምድ ያለው ሻጭ ገዢው ከመድረሱ በፊት ፈረሱን ጥቂት ያዞረዋል። ሲደርሱ ያልበው ከሆነ ወይም ኮርቻው ሥር እርጥብ ከሆነ ጥቂት ሰዓት አስቁመው ሳይሞቅ እንደገና ይዩት።

5. ክብደቱን ይገምቱ

ፈረስዎ ሊሸከምዎ እንጂ ሊያምርልዎ ብቻ አይገዛም። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ርዝመቱን ከፊት ትከሻው አጥንት እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ይውሰዱ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ11,880 ቢያካፍሉት ክብደቱን በኪሎ ግራም በግምት ያገኛሉ፤ ልኬቱ በሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ለምሳሌ ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 140 ከሆነ ፈረሱ 265 ኪሎ ያህል ነው። ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጡ ይመከራል፤ ይህም በምሳሌያችን 53 ኪሎ ነው። ብዙዎቻችን ከዚህ በላይ እንደምንጭን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሙሉ ቀን መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ወፍራም ሰው ደረቱ ሰፊ፣ ወገቡ አጭርና ቅልጥሙ ወፍራም ለሆነ ፈረስ ጥቂት ብር ቢጨምር ገንዘቡን አላጠፋም።

የከሳ ፈረስ በርካሽ ሲቀርብልዎ ርካሽነቱ የቀለቡ ወጪ ሲደመርበት ምን እንደሚሆን ያስቡ። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ ቀለብ ይበላል፤ 265 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በሦስት ወር ከ480 እስከ 600 ኪሎ ሣርና ጭድ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ገብሱ ሳይቆጠር። በሰፈርዎ ዋጋ አባዝተው ከመነሻው ይቀንሱት። የከሳበት ምክንያትም መታወቅ አለበት፦ ቀለብ አጥቶ የከሳ ፈረስ ዓይኑ ንቁ፣ ጠጉሩ ባይደምቅም የተኛ ነው፤ በሆድ ትል ወይም በጥርስ የከሳው ሆዱ ተንጠልጥሎ ጠጉሩ ይቆማል።

6. በኮርቻ ላይ ይፈትኑት

ቀድሞ ሻጩ ይጋልበው፣ እርስዎ ከጎን ይመልከቱ፤ በኋላ እርስዎ ይውጡ። ሻጩ በሽምጥ ማስጋለብ ይወዳል፤ እርስዎ ግን ቀስ ብሎ መራመዱንና ሶምሶማውን ይዩ፤ ማነከስ የሚገለጠው በሶምሶማ ጊዜ ነው። የፊት እግሩ የሚያመው ፈረስ ጤነኛው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ዝቅ፣ የታመመው ሲነካ ቀና ያደርጋል። ጠንካራ መሬት ላይ ቀጥታ አስሂደው፣ ቀጥሎ በጠባቡ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩት ይበሉ።

ሰጋርነቱን፣ ማለትም ጋላቢውን ሳያነጥር በለስላሳ ፈጣን እርምጃ መሄዱን፣ የሚፈትኑት ረጅም መንገድ ላይ ነው። አንዳንድ ፈረስ በልጓም ሲያዝ ለጥቂት ሜትር ይሰግርና ሲደክመው ወደ ሶምሶማ ይመለሳል፤ በተፈጥሮው የሚሰግረው ፈረስ ግን ዛቡ ሲላላም ስግሪያውን አይተውም፣ ጋላቢውንም አያነጥርም። በአንድ ፈረስ ላይ ከሌላው ብዙ ብር ለመጨመር በቂ ምክንያት የምቆጥረው ይህን ነው፤ ዳገትም ቁልቁለትም ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካልፈተኑት ግን ምንም አይጨምሩለት።

ከጋለበ በኋላ የልብ ምቱን ይቁጠሩ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከመጠነኛ ግልቢያ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ወደ 60 ካልወረደ ወይም ሆዱ እስኪጎብጥ ድረስ የሚተነፍስ ከሆነ ሳምባውን ይጠርጥሩ። በመንጋጋው ሥር በመሀል ጣትዎ የሚሰማ ደም ሥር አለ፤ ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ።

የጠባዩን ጉዳይ በአጭሩ፦ ልጓም ሲጎርስ፣ እርካብ ሲረግጡ፣ ከሌሎች ፈረሶች ተለይቶ ሲሄድና መኪና ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ይዩ። ያልተኮላሸ ድንጉላ በጉግስ ሜዳ ያምራል፤ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ባለበት መንደር ውስጥ ግን በየቀኑ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ለዕለት ተዕለት መንገድ ከሆነ የተኮላሸው ይመረጣል።

7. ለዘሩ ስንት ይጨመርለት?

የእንግሊዝ የውድድር ፈረሶች ዘር እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ በታተመ መዝገብ ይታወቃል፤ አንድ ፈረስ ዘሩ ንጹሕ ነው ሲባል የሚጠቀሰው ያ መዝገብ ነው። እኛ ዘንድ ማስረጃው የሰው ቃል ነው። በአገራችን ተመራማሪዎች ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን ለይተዋል፤ የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የካፋ፣ የቁንዱዶ፣ የኦጋዴንና የሰላሌ ፈረስ ይባላሉ። የሰላሌ ስም በሰሜን ሸዋ ገበያ ዋጋ የሚያስጨምር በመሆኑ፣ የሰላሌን ከተማ ፊቼን አይቶ የማያውቅ ፈረስ ሁሉ የሰላሌ ይባላል።

ስለዚህ ዘሩን በሦስት ደረጃ ይመዝኑት። ሻጩ ብቻ የሚናገረው ከሆነ ምንም አይጨምሩ። ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌላቸው ሁለት ጎረቤቶች እናቱንና አባቱን ለይተው ካወቁ ጥቂት ይጨምሩ። እናቱን ወይም የእናቱን ሌላ ልጅ በዓይንዎ አይተው፣ ተመሳሳይ ቁመናና ስግሪያ ካዩበት የሚገባውን ይጨምሩ። የፈረሱ ቀለም፣ ዳማም ሆነ ቡላ ወይም ግንባረ ቦቃ፣ የዘር ማስረጃ አይደለም፤ ለቀለም መክፈል መብትዎ ቢሆንም ሲሸጡት ያን ብር መልሰው ስለማግኘትዎ ዋስትና የለዎትም።

ባዝራ ከሆነች ሌላ ሒሳብ አለ። በአካባቢያችን በቅሎ ከፈረስ በላይ ስለምታወጣ፣ ጥሩ ባዝራ ከአህያ ተጠቅታ በቅሎ ትወልድ ዘንድ ትፈለጋለች፤ ሻጩም ይህን ተስፋ በዋጋው ውስጥ ያስገባዋል። ለግልቢያ ብቻ የሚፈልጓት ከሆነ ለማይጠቀሙበት ማኅፀን አይክፈሉ። እርጉዝ ናት ከተባለ እርግዝናው 11 ወር ስለሆነ መቼ እንደተጠቃች ይጠይቁና በእንስሳት ሐኪም አስመርምሩ፤ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራትና ስታጠባ በደንብ አትጋለብም።

8. ደምረው ቀንሰው ጣራዎን ይወስኑ

ስሌቱን ለማሳየት ያህል መነሻውን 40,000 ብር እንበል፤ ይህ ቁጥር የምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ስምንት ዓመቱ ነው፣ አይቀነስም አይጨመርም። በፈተና የተረጋገጠ ሰጋር ነው፣ 5,000 ይጨመራል። የእናቱን ልጅ አይተናል፣ 4,000 ይጨመራል። ጀርባው ላይ የዳነ ገጣባ ምልክት አለ፣ 1,000 ይቀነሳል። ኮቴው ላይ ከሥር የወጣ ስንጥቅ አለ፣ 2,000 ይቀነሳል። ከስቷል፣ የሦስት ወር ቀለብ ተጨማሪ ወጪ 3,000 ይቀነሳል። ውጤቱ 43,000 ብር ነው። ሻጩ 58,000 ጠርቶ ከሆነ፣ ከ38,000 ይጀምሩና 43,000 ላይ ያቁሙ። ለሰጋርነትና ለዘር አንድ ላይ ከመነሻው ሲሶ በላይ መጨመር በእኔ ፍርድ ተገቢ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ብር የሚከፈለው ለክብር ነው፣ ለክብር የሚከፍል ሰው ደግሞ መመሪያ አያስፈልገውም።

ሲከራከሩ ጉድለቱን ፈረሱ ፊት አይቁጠሩ፤ ሻጩን ወደ ጎን ወስደው በዝግታ ያሳዩት። ደላላው ጣልቃ ከገባ የድለላው ክፍያ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቀድመው ይስማሙ፤ አለዚያ ያተረፉት ብር በድለላ ይወጣል።

9. ውሉን ይጻፉ፣ ዋሱን ይያዙ

ሻጩን የሚያውቅና ፈረሱ የተሰረቀ እንዳልሆነ የሚመሰክር ዋስ ሳያገኙ ቀብድ አይስጡ። ወረቀቱ ላይ የፈረሱን ቀለም፣ ጾታ፣ በጥርስ የታየ ዕድሜ፣ ልዩ ምልክት፣ የተከፈለውን ብርና የቀረውን፣ የክትባቱን ሁኔታና ሻጩ በቃሉ የተናገረውን ሁሉ ያስጽፉ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ስውር ጉድለት ተጠያቂ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን ፈረሱን ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ወዲያው ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። «ያለውን አይቼ ወድጄ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ከተጻፈ በኋላ መከራከር አስቸጋሪ ነው፤ ይህን ሐረግ ያሰርዙት።

የገዙትን ፈረስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሌሎች ፈረሶች፣ በቅሎዎችና አህዮች ለይተው ያኑሩት፣ ሣርና ውሃውንም ለብቻ ያድርጉት። በየጠዋቱ አፍንጫውን፣ ሳሉንና የመንጋጋውን ሥር እብጠት ይዩ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሳይሞቅ ሶምሶማ ያስሂዱትና እንደገና ይመልከቱት። ያኔ ማነከስ ቢታይ ሁለቱን ምስክሮች ይዘው በዚያው ቀን ወደ ሻጩ ይሂዱ።